ልጄ፣ ያንን ጩኸት ከሥሩ ሰማሁት

ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጋቢውን እንዳትረሺው፣ ማታ ማታ ልበሺው ብላለች። ወደ ነገሬ ልግባ። ቦሪስን ሰማሁት። አዎ፣ ያ እዚህ እያለሽ «ኧረ ቀንሺው፣ ጎረቤት ምን ይላል» እያልኩ በርሽን የምደበድብበትን የጃፓን ባንድ።

አንቺ «ፒንክ ከሚባለው አልበማቸው ጀምር» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ነገር ከሥሩ ካልያዝኩ አይገባኝም፣ ታውቂኛለሽ። ከ1996ቱ አልበማቸው ከአብሶሉቴጎ ጀመርኩ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ምነው በቀረብኝ! አንድ ሥራ ብቻ፣ ያውም ከአንድ ሰዓት በላይ። ጥለሽው የሄድሽው ሄድፎን የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። እየቆየሁ ስሄድ ግን ጆሮዬ ለመደውና ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። በገና ሲደረደር ጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ንዝረት አለ አይደል? እሱን አስታወሰኝ። ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም፣ ጆሮ የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው።

በ1992 ቶኪዮ ሲጀምሩ አራት ነበሩ። ስማቸውንም የወሰዱት ሜልቪንስ ከሚባለው የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ነው። ከበሮ መቺያቸው ሲለቅ ዘፋኙ አትሱዎ ከበሮው ላይ ተቀመጠ፤ ታኬሺ ባለሁለት አንገቱን መሣሪያ አንግቶ ቤዙንም ጊታሩንም ይዞ ቀረ፤ ጊታር ተጫዋቿ ዋታ ደግሞ ያው ዋታ ናት። ያ የሚያሻክረው የጊታሯ ድምፅ ከአንድ አሮጌ የጃፓን ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታር ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ) የሚወጣ ነው አሉ፣ በ2021 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በእሱ አምሳል ሠርቶላታል። ጊታር ግዛልኝ ስትይኝ «ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል» ያልኩትን አትርሺው፣ እኔም አልረሳሁትም።

የወደድኩት የ2000ውን ፍለድ ነው፣ «ጎርፍ» ማለት ነው። 70 ደቂቃ፣ አራት ክፍል። መጀመሪያ ላይ አንዲት አጭር የጊታር ዜማ ትደጋገማለች፣ ከራሷ ጋር ቀስ እያለች ትተላለፋለች፣ ልክ ሁለት ሰዓቶች አብረው ተሞልተው አንዱ ትንሽ ሲቀድም እንደሚሆነው፣ እና አንቺ ምንም አልተፈጠረም ብለሽ ስትቀመጪ ጎርፉ ኋላ ላይ ይመጣል። ሁለት ማታ ሰማሁት።

ከዚያ በ2002 ሄቪ ሮክስ መጣ። አጫጭር፣ ፈጣን፣ ቀጥተኛ ሮክ። እነዚያው ሰዎች ናቸው ወይ? አልኩ። በ2005 ፒንክ። ትክክል ነበርሽ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ነገር ነው፣ ሆድ ያባባል፣ ሁለተኛው ላይ ግን በሩን ገንጥለው ይገባሉ።

እዚህ ላይ «ገባኝ፣ ከከባድ ወደ ለስላሳ እየሄዱ ነው» ብዬ ተዝናናሁ። ተሳሳትኩ። በ2011 ዋታ ብቻ የምትዘፍንበትን ለስለስ ያለ አልበም አወጡ (እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ብዙም አልሳበኝም)፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላ ሄቪ ሮክስ የሚባል አልበም። በ2022 ሦስተኛ ሄቪ ሮክስ! ስም አለቀባቸው እንዴ? ሦስቱም ግን አይመሳሰሉም። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ራሳቸው ያወጡት ኖ የሚባለው አልበም ንዴት ብቻ ነው፤ በ2022 መጀመሪያ የመጣው ደብልዩ ደግሞ ሹክሹክታ። የሁለቱን ፊደላት ስትገጣጥሚ በእንግሊዝኛ «አሁን» የሚል ይወጣል። ይሄን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እናትሽ ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

ዋናው ድምፃቸው የትኛው ነው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፣ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። በ2016 መርዝባው ከሚባለው ጃፓናዊ የጫጫታ ሙዚቃ ሠሪ ጋር የሠሩት ሁለት ዲስክ አለ፣ በአንዱ ቦሪስ ያለ ከበሮ፣ በሌላው የሰውየው ጫጫታ፣ ሁለቱ እኩል ተከፍተው አብረው እንዲሰሙ። እኔ ጋ ያለው አንድ ስልክ ነው። ለፋሲካ ስትመጪ ስፒከርሽን ይዘሽ ነይ። እናትሽ ገበያ ስትወጣ እንከፍተዋለን።

አባትሽ