ዚፑ ከኋላ ነው

ሚጣዬ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለት ሳምንት ታመሽ ከትምህርት ቀርተሽ፣ አጠገብሽ የምትቀመጠውን ልጅ ማስታወሻዋን ለመጠየቅ አፈርኩ አልሽኝ። «እሷም ፈተና አለባት፣ ምን ትለኛለች?» ይሄን ይሉኝታ ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። ከእኔ ነው። በስልክ ብመክርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ታልፊኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው ሰኔ ትራያትሎኑ (ያ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚመጡበት ውድድር) እንዴት ነበር ስትዪኝ «ጨረስኩ» ብቻ ነው ያልኩሽ። ሙሉውን አልነገርኩሽም።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ዋና ከየት ያመጣል? በዚያ ብርድ ገላ መታጠብ ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ47 ዓመቴ ነው እዚህ ፍራንክፈርት፣ ከጡረተኞች ጋር ገንዳ ገብቼ የተማርኩት። ነገሩን የለኮሰብኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ እሁድ ማታ ሮመርበርግ አደባባይ ወስዶ የአይረንማን ተወዳዳሪዎች ሲገቡ አሳየኝ። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝተው፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድተው፣ በዚያ ላይ ማራቶን የሮጡ ሰዎች። አሸናፊዎቹ ከገቡ ቆይተዋል። እኛ ያየናቸው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቦርጫቸው ወጣ ያለ፣ እያነከሱ የሚመጡ ናቸው። ሕዝቡ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮኸው ግን ለእነሱ ነበር።

የእኔው ትንሹ ነው፣ ስፕሪንት ይሉታል። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ትንሽ የሚሉት እነሱ ናቸው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ያንን ጥብቅ ያለ የጎማ ልብስ ለበስኩ። ዚፑ ከኋላ ነው። ረጅም ማሰሪያ አለው፣ ብቻሽን ትስቢዋለሽ ይላሉ። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ግማሽ ላይ ተያዘ። ሰው መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ ስሽከረከር አንዲት ስድሳዎቹን ያለፈች ሴትዮ መጣች። ምንም አላለችም። ትከሻዬን ያዝ፣ ልብሱን ሰብሰብ፣ ዚፑን ሳብ። ከዚያ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ለካ የሷም ክፍት ነው። ዘጋሁላት። ቀና ብዬ ሳይ ዳርቻው በሙሉ እንደዚያ ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው አንዱ የሌላውን ጀርባ ይዘጋል።

ውሃው ውስጥ ሌላ ነው። ክርን አፍንጫሽን ይልሻል፣ እግር ይረግጥሻል። አስቦ የሚያደርገው ግን የለም። 200 ሜትር ሳልሞላ ትንፋሼ ተቆረጠ። ነፍስ አድኗ ትንሽ ጀልባዋን አስጠጋችልኝ። ጀልባ ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል፣ ወደፊት እስካልጎተተሽ ድረስ። «ጊዜ አለህ» አለችኝ። ያቺን ቃል ይዤ ዳር ወጣሁ።

ብስክሌቱ ላይ 12ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። መለወጫ ካላማዳሪ አልያዝኩም፤ «20 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ብዬ። በየጥጉ ጎሚስታ ያለበት አገር አይደለም። መንገድ ዳር ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ «አሌስ ክላር?» ይለኛል። ሁሉ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔም «ክላር!» ጎማዬ መሬት ላይ ተለጥፎ! ሰባት ሰው ያህል እንዲህ እያልኩ ሸኘሁ።

ስምንተኛው አላመነኝም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ወረደና ጎማውን አየት አድርጎ «ይሄ ክላር አይደለም» አለኝ። ብስክሌቱን ገለበጠው። ጎማውን ከፈለቀቀ በኋላ ቶሎ አልገጠመም፤ ጣቱን በውስጡ ቀስ ብሎ አዞረ። የምስር ፍሬ የምታህል የጠርሙስ ስባሪ አወጣ። «ይቺን ሳናወጣ ብንገጥም እንደገና ትበሳው ነበር።» ከዚያ የራሱን ካላማዳሪ ከከረጢቱ አወጣ። ያለችው አንድ ናት። የሱ ቢተነፍስ ምን ሊሆን ነው? በመሃል አንድ ሰው እየሳቀ፣ እጁን እያውለበለበ አለፈን። «የሚስቴ ወንድም ነው» አለኝ። «በየዓመቱ እንወራረዳለን። እስከሚቀጥለው ሰኔ ሲያሾፍብኝ ይከርማል።» በሕጉ ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል ክልክል ነው፤ ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪ ካላማዳሪ ቢሰጥ ግን ችግር የለውም። ስለ ሰባቱ ሰዎች ስነግረው «ለምን አልተናገርክም? የመጀመሪያው ይቆም ነበር» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሜክሲኮ ኮዙሜል ላይ በትራያትሎን ውድድር እንግሊዛዊው አሊስተር ብራውንሊ የተዝለፈለፈውን ታናሽ ወንድሙን ጆኒን ደግፎ ሲያስገባው አይተሽ ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ወንድሙ ነው፣ የት ይጥለዋል? እኔን የበለጠ የገረመኝ የ2020ው ነው። ስፔን ሳንታንደር ላይ ጄምስ ቲግል ሦስተኛ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መታጠፊያ ሳተ። ዲዬጎ ሜንትሪዳ አለፈው፤ ከዚያ መስመሩ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀውና አስቀድሞ አስገባው። ካሜራ ስላለ ነው የሚልም አይጠፋም። የእኔው ሰውዬ ጋ ካሜራ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ላሞች ብቻ ያዩን ነበር።

ሩጫው ላይማ ሳቂ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ከሰበረ ወዲህ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ጀርመን ሁሉ እኔን ሲያይ «ኃይሌ! ኃይሌ!» ይላል። እያለከለክሁ እጄን አነሳላቸዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ይቀድመኝ ነበር።

መጨረሻ ከገቡት አራተኛ ነኝ። መስመሩ ላይ ሰውዬውና የሚስቱ ወንድም ቆመው እያጨበጨቡ ነበር። አልኮል የሌለው ቢራ አቀበሉኝ (ምን ይሉታል እሱን?)። ዚፔን የዘጋችልኝን ሴትዮ አየኋት። ከገባች ቆይታለች፤ ፀጉሯ ደርቋል።

ሽሮና በርበሬው ቅዳሜ ይደርስሻል። ሽሮውን እናትሽ በዛ አድርጋዋለች፣ ለሁለት ሰው ይበቃል።

አባትሽ