ዋንጫው ካለፈ በኋላ ሣሩን ማን ያጠጣል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለማዘጋጀት መጠየቋን ከሰማን ወዲህ እኔ ቁርስ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ጨጨብሳው ሳይቀርብ ክርክሩ ይጀመራል። ጅማም ጨዋታ ይድረሳት፣ ሆቴል ይሠራ፣ ዶላር ይግባ ነው ነገሩ። እኔም ኳስ እወዳለሁ። የጅማችን ክለብ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን ደንበኛ ያስተናገድኩት በምልክት ነው። ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በየከተማው እየዞረ ሲካሄድ ለጅማም ተራ ደርሷት ነበር። ክለቦቹ መጡ፣ የዲኤስቲቪ ካሜራ ተተከለ። እኔም «ገበያ መጣ» ብዬ የእቁብ ብሬን አውጥቼ 24 የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ትልቅ ፍሪጅ ገዛሁ። ምን ዋጋ አለው! ተጫዋቹ የሚበላው ባረፈበት ሆቴል ነው። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ሰዉም እንደልቡ አልወጣም። ሆቴሎቹ ሠሩ፣ ባጃጆችም ትንሽ ሠሩ። ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ወንበሮቼ እዚሁ ቀሩ። ስምንቱ እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ እንደተደራረቡ ናቸው፤ የሽንኩርት ጆንያ አስቀምጥባቸዋለሁ።

ወንበርስ ጓዳ ይገባል። ስታዲየም የት ይገባል? ብራዚል ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው) አማዞን ደን መሐል ባለችው በማናውስ ከ40,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራች። የዓለም ዋንጫው ሲመጣ የተካሄደበት አራት ጨዋታ ብቻ ነው። ከተማዋ ደግሞ በአንደኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ እንኳን አልነበራትም። ኬፕታውን ለ2010ሩ ከ4 ቢሊዮን ራንድ በላይ አፍስሳ ያቆመችውን ስታዲየም ዋንጫው ካለፈ በኋላ ለዓመታት ከከተማው በጀት ስትደጉም ኖራለች። ሞንትሪያል የ1976ቱን ኦሎምፒክ ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው፤ ሲጋራ ላይ በተጣለ ግብር ጭምር። እነ ምሩፅ ይፍጠር በአፍሪካውያን አድማ ምክንያት ያልሮጡበት ኦሎምፒክ ነው። እኛ ያልሮጥንበትን የሞንትሪያል አጫሽ 30 ዓመት ከፈለበት!

«የቴሌቪዥኑ ገንዘብስ?» ይሉኛል ደንበኞቼ። በዓለም ዋንጫ የቴሌቪዥኑንና የስፖንሰሩን ገንዘብ የሚሰበስበው ፊፋ ነው። ከግብር ነፃ እንዲሆንም አዘጋጁን አገር አስቀድሞ ያስፈርማል። ድግሱ የኛ፣ የስጦታው ፖስታ የሌላ ሰው እንደማለት ነው።

ያተረፈ የለም አልልም። ሎስ አንጀለስ በ1984 ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አትርፋለች። (እዚያም አልነበርንም።) ለማዘጋጀት ከሷ ሌላ የቀረበ ከተማ ስላልነበረ እንደልቧ ተደራድራለች። ዋናው ስታዲየሟም ለ1932ቱ ኦሎምፒክ ያገለገለው አሮጌው ነው።

እኛ ጋ የምፈራው «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ»ን ነው። የ2020ውን ቻን (በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ውድድር) እንድናዘጋጅ ተሰጥቶን፣ ዝግጅታችን ስላልደረሰ ለካሜሩን ተላልፏል። ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ነው። ቁጭቱ ይገባኛል፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ሰው ተቻኩሎ ሲሠራ ሲሚንቶ የሚገዛው በተጠየቀው ዋጋ ነው። አይከራከርም።

ጅማ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም አላት። እሱን ማሻሻል፣ መንገዱን ማስተካከል፣ ለሰፈር ልጆች ሁለት ሦስት ሜዳ መደልደል ከሆነ እኔም ባንዲራ ይዤ እወጣለሁ፤ ዋንጫው ቢቀር እንኳን የሚቀር ነገር ነው። አዲስ ይሠራ ከተባለ ግን የመሠረት ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት አንድ ወረቀት ይለጠፍልን። የመብራቱ፣ የጥበቃውና የሣሩ ወጪ በወር ስንት ነው? ከማንስ ኪስ ነው የሚወጣው? ጋዜጠኞቻችሁ ይህን ጠይቀው ቢያወጡልን ደስ ይለኛል። እኔ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት። የስታዲየም ሣር ግን ሳምንት አይጠብቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቁርስ ቤት ባለቤት፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ