ሴቶችን በጥናት ማካተት ብቻውን በቂ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ እርጅናና ከእርጅና ጋር ስለሚመጡ ሕመሞች በጋዜጦች የሚወጡ ጽሑፎችን በትኩረት እከታተላለሁ። ሙያዬ የጤና ምርምር መረጃዎችን መተንተንና ይህንኑ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማስተማር በመሆኑ፣ በእነዚህ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ ስለሚታለፍ አንድ ጉዳይ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ይኸውም ወንድና ሴት የሚያረጁበትና የሚታመሙበት መንገድ ለምን እንደሚለያይ የሚያጠኑ ጀማሪ ተመራማሪዎች እንዴት ሊሠለጥኑ ይገባል የሚለው ነው።

ልዩነቱ መኖሩ አያከራክርም። በመላው ዓለም ማለት ይቻላል ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ነገር ግን በሕመምና በአቅም ማነስ የሚያሳልፉት ዓመትም ከወንዶች ይበዛል። የሰውነት መከላከያ ራሱን አካሉን በሚያጠቃባቸው እንደ ሉፐስ ባሉ ሕመሞች ከተያዙት ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የነርቭ ሕመም ደግሞ ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል። የዳሌ አጥንት ስብራት በብዛት የሚደርሰው በአረጋውያን ሴቶች ላይ ቢሆንም፣ ከስብራቱ በኋላ የመሞት አደጋው የሚከፋው በወንዶች ላይ ነው።

ምርምሩ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት የቆየ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1977 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው መመሪያ፣ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ እንዳይገቡ ያደርግ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1993 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ በአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የሚካሄዱ ክሊኒካዊ ጥናቶች ሴቶችን እንዲያካትቱ አስገደደ። ተቋማቱ በእንስሳት ላይ በሚደረግ ምርምርም ፆታ ከንድፉ እስከ ሪፖርቱ ግምት ውስጥ እንዲገባ የጠየቁት ግን ገና ከ2016 ጀምሮ ነው። ቀደም ሲል ላቦራቶሪዎች ወንድ አይጦችን ብቻ የሚመርጡት የሴቷ የሆርሞን ዑደት ውጤቱን ያዘበራርቃል በሚል ነበር። በ2014 የታተመ የብዙ ጥናቶች የድምር ትንተና፣ የዑደታቸው ጊዜ ሳይለይ የተጠኑ ሴት አይጦች ልኬት ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይዋዥቅ አሳይቷል። ያም ሆኖ ይኸው ምክንያት በተማሪዎች የምርምር ንድፍ ላይ ዛሬም ተጽፎ አነባለሁ፤ ተማሪዎቹ ከአማካሪዎቻቸው የወረሱት ነውና እነርሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ በሰው ላይ ታይቷል። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1992 ነው። ከሴቶች አካል የሚወገደው ቀስ ብሎ በመሆኑ ጠዋት በደማቸው የሚቀረው መጠን መኪና ለመንዳት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ታውቆ፣ ለሴቶች የሚመከረው መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም የተቀነሰው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በ2013 ነው።

ዛሬ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በልዩ ልዩ የሥነ ሕይወት ዘርፎች የወጡ ጽሑፎችን የመረመረ አንድ ጥናት፣ ሁለቱንም ፆታ ያካተቱ ሥራዎች በ2009 ከነበሩበት 28 በመቶ በ2019 ወደ 49 በመቶ ማደጋቸውን አሳይቷል። መረጃውን በፆታ ለይተው የተነተኑት ድርሻ ግን በአብዛኞቹ ዘርፎች ፈቅ አላለም። ሴቶቹ ወደ ጥናቱ ገብተዋል፤ ከእነርሱ የተገኘው መረጃ ግን ከወንዶቹ ጋር ተደባልቆ ጠፍቷል። ይህን ደንብ ብቻውን አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ሥልጠና ነው።

በየጊዜው የማርመው አንድ ስሕተት ነገሩን ያሳይልኛል። አንድ ተማሪ ለአረጋውያን የማስታወስ ችሎታ የታሰበ መድኃኒት ፈተነ እንበል። በሴቶች ዘንድ ውጤቱ በ4 ነጥብ ተሻሻለና ፒ-ቫሉው (መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ለውጥ በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል፤ በልማድ ከ0.05 ሲያንስ ውጤቱ እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል) 0.03 ሆነ፤ በወንዶች ዘንድ በ3.2 ነጥብ ተሻሻለና ፒ-ቫሉው 0.08 ሆነ። ተማሪው «መድኃኒቱ ለሴቶች ይሠራል፣ ለወንዶች አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። መነጻጸር የነበረባቸው ግን ሁለቱ ፒ-ቫሉዎች ሳይሆኑ ሁለቱ የመሻሻል መጠኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 0.8 ነጥብ ደግሞ በእነዚህ ቁጥሮች ከአጋጣሚ ሊለይ የማይችል ኢምንት ልዩነት ነው። ወንዶች የሚጠቅማቸውን መድኃኒት ሊነፈጉ የሚችሉት በእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ ፆታን «ለማስተካከያ» ብቻ ወደ ቀመሩ አስገብቶ፣ አንዱን ፆታ የጠቀመና ሌላውን የጎዳ ሕክምና በአማካይ ምንም እንዳላደረገ አድርጎ ማቅረብ።

ትክክለኛው ፈተና ውድ መሆኑን መደበቅ አይገባም። በሁለቱ ፆታዎች መካከል ያለው ልዩነት ከመድኃኒቱ አማካይ ውጤት ጋር እኩል ቢሆን እንኳ፣ ልዩነቱን በዚያው አስተማማኝነት ለማረጋገጥ አራት እጥፍ ያህል ናሙና ያስፈልጋል። ስለዚህ ጀማሪው ተመራማሪ ናሙናውን ከመሰብሰቡ በፊት ይህን ማስላት፣ አቅሙ ካልፈቀደም መረጃውን ከሌሎች ጋር ሊደመር በሚችል መልክ ማዘጋጀት መማር አለበት።

ስሌቱ ግን ልዩነት መኖሩን እንጂ ምንጩን አይነግረንም፤ በእኔ እምነት ሥልጠናው በጣም የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ከሆርሞን፣ ከክሮሞዞም ወይም ከኑሮ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሦስቱም ይመጣል። የወንድ የዘር ፍሬን እድገት የሚያስጀምረው ጂን በተለምዶ ወንዶች ብቻ ካላቸው ከዋይ ክሮሞዞም ወጥቶ ወደ ሌላ ክሮሞዞም የተዛወረባቸው አይጦች አሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የዘር ፍሬ መኖር ከዋይ ክሮሞዞም መኖር ጋር ስለማይያያዝ፣ የሆርሞንንና የክሮሞዞምን ድርሻ ለየብቻ መመርመር ይቻላል። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ከደም ሴሎቻቸው በከፊሉ ዋይ ክሮሞዞም ይጠፋል፤ በ2022 የወጣ የአይጥ ጥናትም ይህ መጥፋት የልብ ጡንቻን ለጠባሳ እንደሚዳርግ አመልክቷል። ዕድሜን ያራዝማሉ የተባሉ ውሕዶችን በሁለቱም ፆታ አይጦች ላይ የሚፈትነው የአሜሪካ መርሐ ግብር፣ አካርቦዝ የተባለው የስኳር ሕመም መድኃኒት የወንዶቹን ዕድሜ ከሴቶቹ እጅግ አብልጦ እንደሚያራዝም አግኝቷል። በወንዶቹ ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ለሴቶቹም ያው ተስፋ በተሰጠ ነበር።

የሰው ጥናት ላይ ስንመጣ ደግሞ መጠይቁ ራሱ ይጎድላል። በብዙ ቅጾች ላይ የማገኘው «ሴት፣ 68 ዓመት» የሚል ብቻ ነው። በስንት ዓመቷ እንዳረጠች፣ ያረጠችው በተፈጥሮ ይሁን እንቁልጢዎቿ በቀዶ ሕክምና ወጥተው፣ የሆርሞን ሕክምና መውሰድ አለመውሰዷ አይጠየቅም። በ40 ዓመቷ ያረጠችና በ55 ዓመቷ ያረጠች ሴት በአጥንትም በልብም በኩል የሚጠብቃቸው እርጅና የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው። ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ በብዙ አገሮች የዛሬ አረጋውያን ሴቶች በልጅነታቸው ከወንድሞቻቸው ያነሰ የትምህርት ዕድል ስላገኙ፣ ይህን ሳይመዘግቡ የመርሳት ሕመምን ልዩነት ሁሉ ለሥነ ሕይወት መስጠት ስሕተት ይሆናል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በግማሽ ቀን ዐውደ ጥናት አይገኝም። አሜሪካ በ2000 የጀመረችው የሴቶች ጤና ተመራማሪዎች ማፍሪያ መርሐ ግብር፣ ጀማሪ መምህራንን ከልዩ ልዩ ሙያ ካላቸው አማካሪዎች ጋር ያገናኛል፤ ከሥራ ጊዜያቸውም 75 በመቶው ለምርምር የተጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። የተጠበቀው ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ወይም ሲያክም የዋለ ወጣት አዲስ የትንተና ዘዴ ማታ ብቻ ሊማር አይችልም። ለሁለተኛው ፆታ እንስሳትና ለተጨማሪው ናሙና የሚሆን ገንዘብም በምርምር ድጋፉ ውስጥ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ገንዘብ ሰጪው ደንብ ያወጣል፣ ወጪው ግን በተማሪው ላይ ይወድቃል። አማካሪዎችም ከተማሪዎቻቸው ጋር አብረው ቢሠለጥኑ መልካም ነው።

የምርምር መጽሔቶች ልዩነት ባይገኝም እንኳ ውጤቱ በፆታ ተለይቶ በሠንጠረዥ እንዲቀርብ ቢያስገድዱ፣ የትናንሽ ጥናቶች መረጃ በኋላ ተደምሮ ሊመረመር ይችላል። ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ይህ ለሴቶች ይሠራል፣ ለወንዶች አይሠራም» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ ሁለቱ ውጤቶች በቀጥታ ተነጻጽረው እንደሆነ ዘጋቢያችሁ ተመራማሪውን ይጠይቅ፤ መልሱንም ከዜናው ጋር አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና ምርምር ስታትስቲክስ መምህር