ከአደጋ ስለሚመለሱ ብስክሌተኞች

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ2019 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ኮሎምቢያዊው ኢጋን ቤርናል፣ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በአገሩ ጎዳና ሲለማመድ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተላትሞ የአከርካሪ፣ የጭንና የጉልበት አጥንቶቹ ከተሰበሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ በዴንማርክ ዙር ውድድር መሰለፉ በአድናቆት ተወርቷል። በስፔኑ የብዙ ቀናት የብስክሌት ውድድር፣ በቩኤልታ፣ አንድ የዕለት ውድድር ያሸነፈው ግን በ2025 ነው፤ ይህ ከሦስት ዓመት በላይ የፈጀ ትግል፣ በእኔ እምነት ዋናው ቁም ነገር ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም አይነገርም። ለውድድር መሰለፍና የቀድሞ አቅምን ማግኘት አንድ አይደሉም። ቁልቁለት ላይ እንደ መኪና ለሚፈጥን ብስክሌተኛ፣ አጥንቱ ከጠገነም በኋላ ፍርሃቱ አብሮት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ተጎዱ ስፖርተኞች ሲዘግብ «መቼ ይመለሳል?» ከማለቱ በፊት ሐኪሞቻቸው የሚሉትን እንዲያስቀድም፣ ክለቦችም ገና ያላገገመን ተወዳዳሪ በውል ማብቂያ ቀን እንዳያስጨንቁ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ