ጉዳዩ፦ ቱሉ ዲምቱ ይቆማል ስለተባለው አምቡላንስ

ለአምቡላንስ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ

የአምቡላንስ ጣቢያው ከዚህ ተነስቶ ወደ ሳሪስ የሄደበትን ምክንያት እናንተው ታውቁታላችሁና አልመለስበትም። ይህን የምጽፈው ትናንት ለአራተኛ ጊዜ ቢሯችሁ መጥቼ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው።

ተወካያችሁ በእድራችን ድንኳን ውስጥ ቆመው «ጣቢያው ቢሄድም አንድ መኪና ከነባለሙያው ሌት ተቀን እዚሁ ይቆማል» ብለውን ነበር። አጨብጭበን፣ ቡና አጠጥተን ሸኘናቸው።

ሐምሌ 12 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ እናቴ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። መብራት ሳበራ አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏል። ደወልኩ። ሠራተኛችሁ ዕድሜዋን ጠየቀኝ። «71» ስለው «እንግዲህ የዕድሜ ነው» አለ። ስልኩ ላውድ ስፒከር ላይ ስለነበር እናቴ ሰምታዋለች። «እዚህ የሚቆመው መኪናስ?» ስለው «እዚያ መኪና የለንም፤ ከቸኮላችሁ ራይድ ጥሩ» ብሎ ዘጋብኝ። መልሼ ደውዬ፣ ለምኜ ነው መኪና የተላከልን።

ከጎረቤቶቼ ጋር በጋቢ ጠቅልለን ከአራተኛ ፎቅ አወረድናት። በር ላይ 50 ደቂቃ ጠበቅን። ሾፌሩን አልወቅስም፤ ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውበት ነበር። የጅቡቲ ጭነት በዚያ መንገድ እንደሚያልፍ ግን ጣቢያውን ያዛወረው ሰው አያውቅም ማለት ነው?

ሐኪሙ እንደነገረን፣ ለስትሮክ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ። የኛ ውጤት የወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። በ30 ደቂቃ አመለጠን። ሆስፒታል ለሆስፒታል የዞርንበት በእናንተ አይቆጠርም፤ 50ው ደቂቃ ግን የእናንተ ነው። እናቴ ዛሬ በግራ እጇ ነው የምትጎርሰው። እንግዳ ሲመጣ ማዕድ አትቀርብም።

ደግሞ ያ ቀይ ቀስት ያለበት ምልክታችሁ እስካሁን ከአሮጌው ግቢ በር ላይ አልተነሳም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ አስም የተነሳበት ልጇን አዝላ ሄዳ የተቆለፈ በር ስትደበድብ አገኘናት። አምና የመጣው መኪና የኦክስጅን ሲሊንደሩ ባዶ ነበር፤ ያኔ ዝም ብለናል።

ምልክቱ ነገውኑ ይነሳ። የዚያ ሌሊት የስልክ ቅጂ እኔ ባለሁበት ይሰማ፤ ሠራተኛው ቤታችን መጥቶ እናቴን ይቅርታ ይጠይቅ። ደብዳቤውን ስጀምር ቃል የተገባልንን መኪና ብቻ ልጠይቅ ነበር፤ አሁን ግን አይበቃኝም፤ ጣቢያው ራሱ ይመለስ። ቁጥርና ማኅተም ያለው መልስ በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሰኝ የእድርተኛውን ፊርማ ይዤ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ