«ቢርስ» እና የቁጣ ቃላት ዝርዝር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቋንቋ ዓምዳችሁ የወጣው የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር በገላንና በቱሉ ዲምቱ ብዙ ተማሪዎች ደብተር ላይ ተገልብጧል። ልጆቹ ጋዜጣ ማንበባቸው ደስ ያሰኘናል። ይሁንና ዝርዝሩ አንገር፣ ራዝ፣ ሬጅ፣ ኢንዲግኔሽንና የስኮትላንዶቹን «ቢርስ» በአንድ መስመር ደርድሮ ሁሉንም «ቁጣ» ብሎ ስለፈታ፣ ተማሪዎች አንዱን በሌላው እየተኩ ድርሰታቸውን እያበላሹ ነው። እርማት እንዲወጣበት እንጠይቃለን።

«ቢርስ» የስኮትስ ቃል ነው። ስኮትስ በስኮትላንድ የሚነገር፣ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የሰሜን ዘዬ የወረደ የእንግሊዝኛ እኅት ነው፤ ከሌላው የስኮትላንድ ቋንቋ፣ ኬልቲክ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ከሆነው ከጌሊክ ጋር መምታታት የለበትም። ስኮትስ ዘዬ ነው ወይስ ቋንቋ የሚለው ክርክር የቆየ ቢሆንም፣ የስኮትላንድ ፓርላማ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ለስኮትስም ለጌሊክም ይፋዊ እውቅና ሰጥቷል። «ቢርስ» በመጀመሪያ ፍቺው በአሳማ ጀርባ ላይ የሚበቅለው ሸካራ ጠጉር ነው። ጫማ ሰፊዎች ከክሩ ጫፍ ጋር እያያያዙ በቆዳው ቀዳዳ ያሾልኩበት ነበር። እንስሳ ሲቆጣ የማጅራቱ ጠጉር ስለሚቆም፣ «ቢርሱ ተነሣ» ሲባል ሰውየው ተቆጣ፣ ለጠብ ተዘጋጀ ማለት ሆነ። ከእንግሊዝኛ በጣም የሚቀርበው «ሃክልስ» ነው፤ እሱም የአውራ ዶሮ የአንገት ላባና የውሻ የማጅራት ጠጉር ነው። ሬጅም ራዝም አይተኩትም።

ተርጓሚን የሚያስተው ደግሞ ይህ ነው፦ አባባሉ ቃል በቃል «ጠጉሩ ቆመ» ተብሎ ወደ አማርኛ ቢዞር አንባቢ የሚረዳው ድንጋጤንና ፍርሃትን ነው። በእኛ ዘንድ የተቆጣ ሰው ዓይኑ ደም ይለብሳል፣ የደም ሥሩ ይገተራል። ስለዚህ እንደ ዐውዱ «ደሙ ፈላ» ወይም «ቱግ አለ» ማለት ይሻላል።

የቀሩትም እኩል አይደሉም። ሬጅ የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ከሚጠራበት የላቲን ቃል ነው፤ ራስን መግዛት ሲጠፋ የሚባል ነው። ራዝ ክብደት አለው፤ ለእግዚአብሔር ቁጣ ሲውል «መዓት» ይመጥነዋል፣ ለታክሲ ረዳት ቁጣ ግን አይሆንም። ኢንዲግኔሽን «የማይገባ» ከሚለው የላቲን ቃል ስለመጣ ግፍ ያስነሣውን ቁጣ ብቻ ይገልጻል። ሪዘንትመንት ቅያሜንም ቂምንም ይይዛል፤ ሰው የሚቀየመው የሚቀርበውን ስለሆነ ግን ተርጓሚው ማን በማን ላይ እንዳዘነ ሳያይ መምረጥ የለበትም።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ያለው በግሡ ላይ ነው። ተማሪው «አባቴ ተቆጣኝ» ለማለት «ማይ ፋዘር አንገርድ ሚ» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ግን «አባቴ አናደደኝ» ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአማርኛው «ተቆጣ» ተሳቢ አድርጎ የሚወስደው ተግሣጹን የሚቀበለውን ሰው ነው፤ የእንግሊዝኛው ግስ ባለቤት ግን ቁጣውን ያመጣው ነው። ትክክሉ «ማይ ፋዘር ስኮልድድ ሚ» ነው። «ተናደደብኝ» ሲሆን «ዎዝ አንግሪ ዊዝ ሚ» ይባላል። ለሰው «ዊዝ»፣ ለጉዳይ «አባውት» ይከተላል። «ሪዘንት» ግን መስተዋድድ ሳይፈልግ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል። በእኛ አካባቢ አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ ለሆነ ልጆች ነገሩ ይቀላቸዋል፤ በውስጥ የሚሰማውን «ኣሪ»፣ በአፍ የሚወጣውን «ዼከምሳ» ብለው ስለሚለዩ፣ መምህሩ የቱ እንደሆነ ቢጠይቃቸው ወዲያው ይመልሳሉ።

በክፍል ውስጥ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ቃል አይበልጥም፤ ሰባት ስምንት ቃል አብሮ ሲሰጥ ልጁ ሁሉንም «አንግሪ» ብሎ ይሸመድደዋል። የደብተሩ ገጽ በአራት ይከፈልና ቃሉ፣ ቁጣው በውስጥ የቀረ ወይም የወጣ መሆኑ፣ የቁጣው መነሻ፣ ቃሉን የሚከተለው መስተዋድድ ይጻፋል። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ይቅደም፣ የእንግሊዝኛው ይከተል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ተማሪው መዝገበ ቃላት ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ፍቺ ይዞ ይሮጣል።

ዓምዱ እርማቱን ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገርና መስተዋድዱን ቢያትም፣ በ«ቢርስ» ጎን ደግሞ «ስኮትስ» የሚል ምልክት ቢያደርግ እንወዳለን። ቃሉ ከስኮትላንድ ውጭ ብዙም ስለማይታወቅ ተማሪ ለንባብ ይወቀው እንጂ በፈተና ድርሰት ውስጥ እንዳይጽፈው ዓምዱ በግልጽ ይንገርልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በገላንና በቱሉ ዲምቱ የምንገኝ የእንግሊዝኛ መምህራን