ክቡር ኃላፊ፣ ጥፋቱ የቸርኬዬ ነው አሉኝ

ይድረስ ለከተማችን የመንገድ ጥገና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ከነሐሴ ጀምሮ ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። አንዴ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ጉድጓድ ለማመልከት ሲስተም ምን እንደሚያደርግ እስካሁን አልገባኝም። በአራተኛው ባለሙያዎ ተቀበለኝ። እሱ ያላትን ነገር ብሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በዶፍ ዝናብ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር። ሰፈራችን መግቢያ ላይ አስፋልቱን ውሃ ሸፍኖታል። ኩሬ መስሎኝ ገባሁበት። ጓ! አለ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት ነው። ወርጄ በስልኬ መብራት ሳይ የፊት ቀኝ ጎማ ተኝቷል። ቸርኬው ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል ተሰንጥቋል።

ጉድጓዱን ያውቁታል። ባለፈው ዓመት ለቧንቧ ተብሎ አስፋልቱ በመቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ተቆረጠ። ቧንቧው ተቀበረ። አፈሩ ተመለሰ። አስፋልቱ ግን ሳይመለስ ቀረ፣ ክረምቱም አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። በጊዜ ብዛት የተቦረቦረ ጉድጓድ ዳሩ ስለሚያዘቀዝቅ ጎማ ወርዶ ይወጣል። የዚህ ዳር ግን እንደ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ጎማ የሚጋጨው ከግድግዳ ጋር ነው። በማግስቱ ጥልቀቱን በሜትር ለካሁት፤ 17 ሳንቲም። ፎቶው ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል።

ባለሙያዎ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ። ጉድጓዱን እንዳይመስልዎ፣ ቸርኬውን ነው። «ይሄ ከመኪናው ጋር የመጣ አይደለም እኮ። ኦርጅናል ቢሆን አይሰነጠቅም ነበር» አለኝና ማመልከቻዬን መለሰልኝ።

እውነት ነው፣ ከመኪናው ጋር የመጣ አይደለም። መኪናዬ ቪትዝ ናት። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርጄ ባለ 16 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ያሰርኩላት ለዝነጣ ነው፤ አልደብቅም። ሰፈር ውስጥ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እያሉ ሲተርቡኝ ከርመዋል። ይሁን፣ ሳሩ የኔ ነው። ገደሉ ግን የእርስዎ ነው።

ስለ ቸርኬ ያላወቅኩትንም አሁን በግዴ አውቄያለሁ። ጎሚስታው ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ። «ጄ ደብልዩ ኤል» የሚል ተቀርጾበታል። የጃፓን ደረጃ ነው፤ ቸርኬው ተመትቶና ተጭኖ ተፈትኗል ማለት ነው። ግን ይህን ምልክት የሚያትመው አምራቹ ራሱ ነው። ሌላ አካል ሲያረጋግጥለት አጠገቡ «ቪ አይ ኤ» ይጨመርበታል። የኔ ላይ ይሄኛው የለም። ቢኖርም ፊደል መቅረጽና ፈተና ማለፍ ለየቅል ናቸው። ቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ውስጡ የአየር ቀዳዳ ቢቀርበት ሱማሌ ተራ ቆሞ በዓይን የሚለየው የለም።

ጎማውም አለበት። የድሮው ጎማዬ 165/70 ባለ 14 ነበር፤ የጎኑ ቁመት 11 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። አሁን ያለው 195/45 ባለ 16 ደግሞ 9 ሳንቲም አይሞላም። የጉድጓዱን ምት ውጣ የምታስቀረው ያቺ የጠፋችው 3 ሳንቲም ነበረች። ይህን ጥፋቴን እቀበላለሁ፤ ደረሰኝም አልጠይቅበትም።

ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። በዚያው ሳምንት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ገባ። ያሰረው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የብረት ቸርኬ ነው። አልተሰነጠቀም፤ ታጠፈ። ብረት በመዶሻ ይቃናልና ዕድለኛ ነው። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ሲመጣ እኔ ጎሚስታው ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። እሱስ ቢሮዎ ቢመጣ ምን ተብሎ ይመለስ ነበር? የጎረቤታችን እማማም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸው ገብቶ ወድቀዋል። ጫማቸው ኦርጅናል አልነበረም መሰለኝ።

ሕጉን እኔ ለእርስዎ አልነግርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ ይችላል ይላል። የቸርኬ ማርካ አያነሳም። የመንገድ ፈንድም በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ ጀምሮ ለመንገድ ጥገና ተብሎ ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል። ቸርኬዬን አይቶ ሂሳብ የቀነሰልኝ ማደያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ጉድጓዱ በአፈር ሳይሆን በአስፋልት ይደፈን። ባለሙያዎ በአፉ ያለኝን ደግሞ በጽሑፍ፣ ማህተም አድርጎ ይስጠኝ። ፍርድ ቤት ይዤው የምሄደው ወረቀት እፈልጋለሁ።

ቸርኬውን በአርጎን አስበይደዋለሁ ብዬ ነበር። ጎሚስታው «እኔ የተበየደ ፊት ላይ አላስርም» ብሎ ከለከለኝ። የሰፈር ልጆች ወሰዱት። እንጨት ሰክተው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ጉድጓዱ መሃል አቆሙት። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፤ ሾፌሮች ከሩቅ እያዩት ዞር ብለው ያልፋሉ። ሠራተኞችዎ ለጥገና የመጡ ዕለት ግን ወስደው እንዳይጥሉብኝ። ማስረጃዬ ነው።